ስልክ ላይ ያማረው ሎጎ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ለምን ይበላሻል?

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ቡናማ የወረቀት ከረጢት ይዘው ወደ ሱቃችን መጡ። እዚሁ ጅማ ቡና ቆልተውና ፈጭተው፣ በግማሽ ኪሎ እያሸጉ ይሸጣሉ። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ስልካቸውን አጠገቡ አደረጉ። «ልጄ፣ እስኪ እይልኝ። ይሄና ይሄ አንድ ነው?» አሉኝ።

አንድ አይደለም። ስልኩ ላይ ነጭ ሲኒ አለ። ከሲኒው ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። ከሥሩ በደማቅ አረንጓዴ «የጅማ ቡና» ይላል። ከረጢቱ ላይ ግን ሲኒው የለም። እንፋሎቱ ተቆራርጧል። አረንጓዴው የደረቀ ቅጠል መስሏል። ጽሑፉማ ባሰ። የ«ቡ» ቀጭን ጭረት ጠፍታ «የጅማ በና» ሆኗል። አንድ ሺህ ከረጢት እንዲህ ታትሟል።

ማተሚያ ቤቱ «ፋይሉ ነው» አላቸው። ሎጎውን የሠራላቸው ልጅ ደግሞ «ማተሚያ ቤቱ ነው» አላቸው። እሳቸው መሀል ቀሩ። እንዲህ ያለ ሙግት ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምጽፈው ለዲዛይነሮች ብቻ አይደለም። ገንዘቡን የሚከፍለው ባለ ሱቁ ነውና ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። እኔ ሁሌም ከፋይሉ ነው የምጀምረው። ማሽን የሚያትመው ፋይሉ ውስጥ ያለውን ነው፤ እኛ ስክሪን ላይ ያየነውን አይደለም።

ምስማርና ሲባጎ

ኮምፒውተር ሥዕልን የሚያስቀምጥባቸው ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው በነጥብ ነው። ፎቶ ሁሉ እንዲህ ነው። ሥዕሉ ወደ ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል። እያንዳንዷ ፒክስል ትባላለች፤ አንድ ቀለም ብቻ ትይዛለች። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት አስቡ። ከሩቅ ሲታይ የመስቀሉ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ክር በክር የተደረደረ ደረጃ ነው። ጄፔግና ፒኤንጂ የሚባሉት ፋይሎች እንዲህ ናቸው።

ሁለተኛው በትእዛዝ ነው። አናጢ ክብ ጠረጴዛ ሲሠራ አይታችሁ ይሆናል። መሀል ላይ ምስማር ይመታል። ሲባጎ ያስርበታል። በሲባጎው ጫፍ እርሳስ ይዞ ይዞራል። ሲባጎው አጭር ከሆነ ክቡ ትንሽ ነው፤ ረጅም ከሆነ ትልቅ ነው። ክብነቱ ግን አይበላሽም። ቬክተር ማለት ይሄ ነው። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው «ምስማሩ እዚህ፣ ሲባጎው ይህን ያህል፣ ቀለሙ ይህ» የሚል ትእዛዝ ነው። ቢዝነስ ካርድ ላይም፣ ሕንፃ ላይ በሚሰቀል ታፔላ ላይም የሚሠራው ያው ትእዛዝ ነው።

ክብ ላልሆነውስ? ለቅጠሉ፣ ለእንፋሎቱ፣ ለፊደሉ? ለዚያ የምንጠቀምበት ጠማማ መስመር ቤዚየ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከፒየር ቤዚየ ነው። ሰውየው በፈረንሳዩ የሬኖ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። በ1960ዎቹ የመኪና አካል ቅርጽ በኮምፒውተር ለመንደፍ ተጠቀመበት። አዶቤ በ1987 ኢሉስትሬተር የተባለውን የሥዕል ፕሮግራም ሲያወጣ ይህ መስመር የግራፊክ ዲዛይነር እጅ ገባ። ለመኪና አካል የታሰበ ስሌት ዛሬ ጅማ ውስጥ የቡና ቅጠል እንስልበታለን። ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

እስኪ በቁጥር እንየው። ለወረቀት ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ እንፈልጋለን። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። በቴሌግራም የመጣላችሁ ሎጎ ወርዱ 1200 ፒክስል ቢሆን፣ በጥራት የሚታተመው እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ለካርድ ይበቃል። ያንኑ ወስዳችሁ 3 ሜትር ባነር ላይ ብትዘረጉት ግን እያንዳንዷ ፒክስል 2.5 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ከጤፍ ፍሬ ትበልጣለች። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ በኢንች 100 ነጥብም ያስኬደዋል። እዚህ ግን የቀረን 10 ነው።

ፒዲኤፍ ስለሆነ ብቻ አትመኑት

«ቬክተሩ አለኝ» የሚል ደንበኛ ብዙ ነው። ፋይሉ ሲከፈት ግን ውስጡ ጄፔግ ቁጭ ብሏል። ፎቶን ኢሉስትሬተር ወይም ኮረል ድሮው የሚባለው ሌላው የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ከቶ በኤአይ (የኢሉስትሬተር የራሱ ፋይል ነው) ወይም በፒዲኤፍ ስም ሴቭ ማድረግ ይቻላል። ስሙ ይቀየራል። ሥዕሉ ያው የነጥብ ክምር ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ስክሪኑ በአንድ ፊደል ጠርዝ እስኪሞላ ድረስ አጉሉት። ጠርዙ እንደ ደረጃ ከተሸራረፈ ወይም ጭጋግ ከለበሰ ፎቶ ነው። እንደ ምላጭ ከጠራ ቬክተር ነው። ይህን ስልካችሁ ላይም መሞከር ትችላላችሁ። ኢሉስትሬተር ያለው ሰው ደግሞ ኮንትሮልና ዋይን አንድ ላይ ይጫን። ቀለሙ ሁሉ ይጠፋና አጥንቱ ብቻ ይቀራል። በመስመር የተሳለ ሎጎ ከሆነ የሲኒው፣ የቅጠሉ፣ የፊደሉ አጥንት ይታያል። ፎቶ ከሆነ ግን የምታዩት ባዶ ሳጥን ነው።

የእኚያን እናት ፋይል እንዲህ አድርጌ አየሁት። ሳጥን አልነበረም፤ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። መስመሩ ላይ ነጥቦች እንደ ጉንዳን ፈስሰዋል። ልጁ ፎቶውን ትሬስ አድርጎት ነበር።

ትሬስ ማለት ፕሮግራሙ ፎቶን በራሱ ወደ መስመር የሚቀይርበት መሣሪያ ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያልቃል። ችግሩ ፕሮግራሙ ሲኒ ምን እንደሆነ አያውቅም። የተሸራረፈ ጠርዝ ካየ ሽርፍራፊውን ራሱን ይስለዋል። ለአንድ ክብ አራት ነጥብ ይበቃዋል። እዚህ ሲኒ አፍ ላይ ግን ነጥቡን ቆጥሬ ታከተኝ። ሲታተም በሚንቀጠቀጥ እጅ የተሳለ ይመስላል። ስቲከር የሚቆርጠው ማሽን ላይ ደግሞ ይብሳል። ምላጩ በየነጥቡ እየተንገጫገጨ ይሄዳል፤ ጠርዙ ይሻክራል፤ አንዳንዴም ስቲከሩ ይቀደዳል።

የእኔ ምክር አንድ ነው። ሎጎውን በእጅ እንደገና ሳሉት። ፎቶውን ደብዘዝ አድርጋችሁ ከሥር ቆልፉት። ከላዩ ነጥብ በነጥብ መስመር በሚስለው መሣሪያ፣ በፔን ቱል ተከተሉት። ክቡን በክብ መሣሪያ፣ ቀጥታውን በቀጥታ መስመር። ነጥብ የሚቀመጠው ቅርጹ በሚታጠፍበት ቦታ ብቻ ይሁን። አብዛኛው ሎጎ ቢበዛ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያገለግላል። ኢሉስትሬተር መግዛት ካልቻላችሁ ኢንክስኬፕ በነፃ ይገኛል፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ሰሞኑን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ሎጎ ይዞ የሚመጣም በዝቷል። ሥዕሉ ያምራል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ካለበት ጠጋ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ታገኛላችሁ። ለመነሻ ሐሳብ ይሁናችሁ። ማተሚያ ቤት ግን እንዳለ አትውሰዱት።

የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ስለ ኅትመት የተጻፈው ምክር ሁሉ ማለት ይቻላል ለላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። የእኛን ጣጣ እኛው ካልተነጋገርንበት ማንም አይነግረንም።

መጀመሪያ ፎንቱ። ጽሑፍ በኤአይ ወይም በኮረል ፋይል ሲላክ ብዙ ጊዜ የፊደሉ ቅርጽ አብሮ አይሄድም። የሚሄደው «በዚህ ፎንት ይህን ጻፍ» የሚል መልእክት ነው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ ሌላ ይተካበታል። የላቲን ጽሑፍ ቢሆን መልኩ ይለወጣል እንጂ ይነበባል። የግዕዝ ፊደል ግን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዩኒኮድ ውጭ የተሠሩት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ ያስቀመጡት በእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነው። እነዚህ ፎንቶች ዛሬም በየቢሮው አሉ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት «ጅማ» የነበረው ቦታ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል።

መፍትሔው ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ነው። በእኛ ሠፈር «ከርቭ አድርገው» ይባላል። ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ ነው። ኮረል ላይ ኮንትሮልና ኪው። ከርቭ የሆነ ፊደል ሥዕል ነው። ፎንት አይፈልግም። ግን ተመልሶ በኪቦርድ አይታረምም። ስለዚህ ከርቭ ከማድረጋችሁ በፊት ሌላ ሰው ያንብበው። የምትታረመዋን ኮፒ ለብቻ አስቀምጡ። ስልክ ቁጥር አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም።

ቀጥሎ ቅርጹ። ላቲን ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ብትጠፋ ቃሉ ይገመታል። እኛ ጋ ግን ድምፁን የምትሸከመው ያቺው ቀጭን መስመር ናት። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ። ልዩነታቸው አንዲት ጭረት፣ አንዲት ቀለበት ናት። ቀጭን ፎንት መርጣችሁ ካሳነሳችሁት ጭረቷ ትጠፋለች። ቀለበቷ ደግሞ ትደፈናለች። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋልና። በተለይ የማያንጸባርቅ፣ ቀለም የሚመጥ ወረቀት ላይ ይሰፋል። የ«ቤ»ና የ«ሜ» ቀለበት ከሌላው ቀድማ የምትዘጋው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ከርቭ ማድረግ ሌላ ጥቅም አለው። ነጥቦቹን በእጃችሁ ይዛችሁ ፊደሉን ማስተካከል ትችላላችሁ። የእኚያን እናት ሎጎ ስሠራ የ«ቡ»ን ጭረት ሁለት እጥፍ አወፈርኳት። ጫፏንም ትንሽ ወደ ቀኝ ሳብኳት። ስክሪን ላይ ደንደን ብላ ትታያለች፤ ዲዛይነር ጓደኛዬም «አበዛሃት» ብሎኝ ነበር። ከረጢት ላይ ስትታተም ግን ልክ ናት።

ጅማ ላይ ደግሞ ሎጎ በአንድ ቋንቋ አይቆምም። አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ አንድ ታፔላ ላይ ይደረደራሉ። «ጅማ» በአማርኛ ሁለት ፊደል ናት። በቁቤ አምስት ትሆናለች። አንዱ አጭርና ቁመቱ ሙሉ፣ ሌላው ረዘም ያለ ነው። ሦስቱን አንድ ክብ ውስጥ አጭቆ ማሳነስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ መጨረሻ ላይ አንዱም አይነበብም። ምልክቱን ብቻውን አንድ ፋይል አድርጉት። ከየቋንቋው ጽሑፍ ጋር ደግሞ ሌሎች ፋይሎች ይኑሩ። ቦታ ሲጠብ ምልክቱ ብቻውን ይሂድ።

ነጭ የሚባል ቀለም የለም

የተለመደው ባለ ሙሉ ቀለም ኅትመት የሚሠራው በአራት ቀለም ነው። ሳያን የሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር። አንድ ላይ ሲኤምዋይኬ ይባላሉ። ከአራቱ ውስጥ ነጭ የለም። ነጭ ማለት ወረቀቱ ነው። ፋይላችሁ ላይ ነጭ የሆነ ቦታ ሁሉ ለማሽኑ «እዚህ አትንካ» ማለት ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ማንም ልብ አይለውም። ቡናማ ከረጢት ላይ ግን ነጩ ሲኒ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። የእኚያ እናት ሲኒ የጠፋው በዚህ ነው።

ነጭ ማተም አይቻልም ማለት አይደለም። በስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለም በወንፊት መሰል ጨርቅ ተገፍቶ በሚታተምበት አሠራር፣ ወፍራም፣ የሚሸፍን ነጭ ቀለም አለ። ግን እንደ አንድ ተጨማሪ ቀለም ይቆጠራል፤ ዋጋ ይጨምራል። እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ሎጎውን ለከረጢቱ ብሎ እንደገና ማሰብን ነው። ሲኒው በነጭ ከሚሞላ በጥቁር ቡናማ መስመር ይሳል። ወረቀቱ ራሱ የሲኒው ገላ ይሆናል።

ሌላም የነጭ ወጥመድ አለ። ቀዳዳ የሚመስለው ነጭ። የሲኒው እጀታ መሀሉ ክፍት ነው እንበል። አንዳንዱ ሰው ቡናማ ክብ ላይ ነጭ ክብ ይደርብና ቀዳዳ አደረግኩ ይላል። ሎጎው ቢጫ ቲሸርት ላይ ሲሄድ ያ ቀዳዳ ነጭ ሳንቲም ሆኖ ይወጣል። እውነተኛ ቀዳዳ መሆን አለበት። ተደራርበው የተቀመጡ ቅርጾችም እንዲሁ ናቸው። ስክሪን ላይ አንድ ቅጠል ይመስላሉ። ስቲከር መቁረጫው ግን የተደበቀውን መስመር ሁሉ ያያል፤ ቅጠሉን መሀል ለመሀል ይቆርጠዋል። አንድ ላይ መዋሐድ አለባቸው። ኮረል ላይ ትእዛዙ ዌልድ ይባላል፤ ብየዳ እንደማለት ነው። ለማጣራት ከሎጎው ሥር ደማቅ ቀይ አራት ማዕዘን አስቀምጡ። ቀዳዳው ሁሉ ቀይ ሆኖ ካልታየ ሥራው አላለቀም።

አረንጓዴው ለምን ሞተ? ስልክ ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ቀላቅሎ ነው፤ አርጂቢ የምንለው ይሄ ነው። ኅትመት ደግሞ ብርሃን የለውም። ወረቀት ላይ የሚንፀባረቀውን ብርሃን እየቀነሰ ነው ቀለም የሚሰጠን። ስለዚህ የሚያበራ አረንጓዴ፣ የሚያበራ ሰማያዊና የሚያበራ ብርቱካን በአራቱ ቀለም አይደረስባቸውም። በዚያ ላይ ቀለሙ የሚያሳልፍ ነው። ቡናማ ወረቀት ከሥር ሲሆን ቡናማው ይመጣበታል። ፋይሉን ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ ክፈቱ። የሚደበዝዘውን ገንዘብ ሳትከፍሉ ታዩታላችሁ። ኢንክስኬፕ የሚያወጣው ፒዲኤፍ ብዙውን ጊዜ አርጂቢ ስለሆነ በእሱ ከሠራችሁ ለማተሚያ ቤቱ ቀድማችሁ ንገሩ።

ጥቁር ላይ ያለው ስሕተት በተለይ ያናድደኛል። ምክንያቱም ስክሪን ላይ አይታይም። የስክሪን ጥቁር ወደ ሲኤምዋይኬ ሲለወጥ ንጹሕ ጥቁር አይሆንም። በአዶቤ ፕሮግራሞች የተለመደ አቀማመጥ ሳያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ይሆናል። ሲደመር 300 በመቶ ቀለም ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም ፕሌት የሚባል የራሱ ማተሚያ ሰሌዳ አለው፤ አንዲት ትንሽ «ር» በአራት ፕሌት፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ አራት ጊዜ ታተመች ማለት ነው። አንዱ ፕሌት የፀጉር ያህል ቢዛነፍ በፊደሏ ዳር ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይወጣል። እጃችሁ ላይ ካርድ ካለ ስልክ ቁጥሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ዳር ዳሩ ባለ ቀለም ከሆነ ነገሩ ይሄ ነው። ለጽሑፍና ለቀጭን መስመር ጥቁሩን 100፣ ሌሎቹን ዜሮ አድርጉ።

ቡናማም ያው ነው። በአራቱ ቀለም ሲሠራ ቅልቅል ስለሆነ ቀጭን የቡናማ ጽሑፍ ለመዛነፍ የተጋለጠ ነው። ከኅትመት ኅትመትም ትንሽ ይለያያል። ሎጎው አንድ ወይም ሁለት ቀለም ብቻ ከሆነ ቀለሙን አስቀድሞ ቀላቅሎ በራሱ ፕሌት ማተም ይሻላል። ለዚህ ነው ፓንቶን የሚባለው የቀለም መጽሐፍ ያለው። ላውረንስ ኸርበርት በ1963 ያወጣው አሠራር ነው። እያንዳንዱ ቀለም ቁጥርና የቅልቅል መጠን አለው። ከቁጥሩ በኋላ «ሲ» ካለ ለሚያንጸባርቅ ወረቀት፣ «ዩ» ካለ ለማያንጸባርቅ ነው። መጽሐፉ ውድ ነው፤ ሁሉም ጋ አይገኝም። ከሌለ ደስ ያላችሁን ቀለም የያዘ የታተመ ወረቀት ቆርጣችሁ ውሰዱ። «ይህን የመሰለ» ማለት ስልክ ከማሳየት መቶ እጥፍ ይሻላል።

ማኅተም ይፈትነው

እኛ አገር ድርጅት ሲቋቋም ክብ ማኅተም ይከተላል። ማኅተም ደግሞ አንድ ቀለም ነው፤ ትንሽ ነው፤ በእጅ ተጭኖ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ሎጎ ስጀምር በጥቁር ብቻ፣ በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ወረቀት ላይ አትሜ ነው የማየው። ቀለም የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ምልክታቸው ያደረጉ ሰዎች መጡ። ሥዕሉ ግሩም ነበር። የሰገነቱ የእንጨት አጥር አንድ በአንድ ተስሏል። በ2 ሳንቲ ሜትር ሲታተም አጥሩ ሁሉ አንድ ጥቁር መስመር ሆነ። አብረን ተቀምጠን መቀነስ ጀመርን። መጨረሻ ላይ የቀረው የጣሪያው መስመር፣ ሁለቱ ፎቆችና አምስት ቋሚ እንጨቶች ናቸው። ጅማ የኖረ ሰው ግን አይቶ «ጅሬን» ይላል።

የመስመር ውፍረት ላይ እኔ የምይዘው ልክ አለ። ነጭ ወረቀት ላይ ለሚታተም መስመር ከ0.5 ፖይንት በታች አልወርድም። ጠቆር ባለ መደብ ላይ ነጭ ሆኖ ለሚቀር መስመር፣ እንዲሁም ለስክሪን ፕሪንት ከ1 ፖይንት በታች አልወርድም። 1 ፖይንት 0.35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ኮረል ላይ ሄርላይን የሚባለውን ምርጫ ሽሹት። ውፍረት የለውም፤ ማሽኑ በሚችለው ልክ ያቀጥነዋል። ቤት ባለው ፕሪንተር ታይቶ፣ ማተሚያ ቤት ሲደርስ የሚጠፋው መስመር ብዙ ጊዜ እሱ ነው። መስመሩን ራሱን ወደ ሙሉ ቅርጽ ቀይሩት። አለዚያ ሎጎው ሲያንስ መስመሩ ሳያንስ ይቀርና እንፋሎቱ ገመድ ያክላል።

ስለ ዳር ቦታ ባጭሩ። ቀለሙ እስከ ወረቀቱ ጫፍ የሚደርስ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ አውጡ። 85 በ55 ሚሊ ሜትር ካርድ ፋይሉ 91 በ61 ይሆናል። መቁረጫው ክምሩን ሲቆርጥ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ትርፉ ከሌለ ነጭ ክር ጠርዙ ላይ ይቀራል። ጽሑፍ ደግሞ ከጫፉ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይግባ።

ፋይሉን ስትልኩ

ከመላካችሁ በፊት ደውሉና «ምን ዓይነት ፋይል ነው የምትቀበሉት?» በሉ። አንዱ ፒዲኤፍ ይላል። ሌላው የኮረል ፋይል ይላል። ኮረል ከሆነ የትኛው ቨርዥን እንደሆነ ጠይቁ፤ የቆየው የአዲሱን ፋይል አይከፍትም። ሴቭ ስታደርጉ ዝቅ ያለውን ቨርዥን መምረጥ ይቻላል። ፒዲኤፍ ከሆነ ፒዲኤፍ ኤክስ የሚለውን አማራጭ ምረጡ፤ ለኅትመት ተብሎ የወጣ ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። ጥላና ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ቀለም ያለው ሎጎ ኢፒኤስ በሚባለው የፋይል ዓይነት አትላኩ፤ ኢፒኤስ እንዲህ ያለ ግልጽነትን አይዝም።

በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ እንጂ በፎቶ አትላኩ። በፎቶ ከሄደ ተጨምቆ፣ ጄፔግ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ግማሽ ቀን የደከማችሁበት ቬክተር እዚያው ያልቃል። ከፋይሉ ጋር ግን አንድ ጄፔግ ለማያ ብቻ ጨምሩ። ማተሚያ ቤቱ የከፈተው ነገር እናንተ ከላካችሁት ጋር አንድ መሆኑን የሚያመሳክርበት ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ናሙና ጠይቁ። በስልክ የተላከ የናሙና ፎቶ ሳይሆን፣ በዚያው ወረቀት ላይ የታተመ አንድ። እኚያ እናት አንድ ከረጢት ቀድመው አይተው ቢሆን ኖሮ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ ባልታተመ ነበር። ናሙና ካሳየ በኋላ «እሺ» ብላችሁ ፈርሙበት፤ ለእናንተም ለማተሚያ ቤቱም መተማመኛ ነው። ናሙና መጠየቅ ማተሚያ ቤቱን አለማመን አይደለም። ጥሩ ማተሚያ ቤት ራሱ ነው «አይታችሁ እሺ በሉ» የሚለው።

እኚያ እናት ባለፈው ሳምንት ተመልሰው መጡ። አዲሱን ከረጢት ይዘዋል። አንድ ቀለም ነው፤ ጥቁር ቡናማ። ሲኒው በመስመር ተስሏል። እንፋሎቱ ሁለት ወፍራም ጭረት ሆኗል። «የጅማ ቡና» ይላል፤ «ቡ»ዋ ቁጭ ብላለች። አሁን የሚፈልጉት በ60 ኪሎ ጆንያ ላይ ነው፤ ከቆርቆሮ በተቆረጠ ቅርጽ ላይ ቀለም እየተቀባ።

ይሄ ሌላ ጣጣ አለው። የጆንያው ሽመና ቀጭን መስመር ይውጣል። ቆርቆሮ ሲቆረጥ ደግሞ ዙሪያው የተዘጋ ነገር ሁሉ መሀሉ ይወድቃል። ቆርቆሮው ከመነካቱ በፊት በካርቶን ቆርጠን ሞከርነው። የ«ማ» ሁለት ዓይኖች ጠረጴዛው ላይ ወደቁ፤ ፊደሏ ሁለት ጥቁር ድብልብል ሆነች። ዓይኖቹን ከገላው ጋር የሚያያይዝ ድልድይ ያስፈልጋቸዋል። አሁን እሱን እየሳልኩ ነው። ለእያንዳንዱ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ሰጥቻለሁ። ነገ በካርቶን ደግመን እንቆርጠዋለን።